የዜማው ባለቤት ማን ናት?



በካሴት ዘመን የክር ልባስ ገልጦ ያነበበ ሰው ‹‹ግጥም››፣ ‹‹ዜማ›› እና ‹‹ቅንብር›› የሚሉትን ሦስት ቃላት ያስታውሳል። ከፊት ለፊት የዘፋኟ ፎቶግራፍ ደምቆ ይወጣል፤ ከኋላ በትንንሽ ፊደል በሰፈረው የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ግን፣ በተለይም ‹‹ዜማ›› ከሚለው ቃል ጎን፣ የሴት ስም ማግኘት ብርቅ ነበር። ዛሬ ክሩ ቀርቶ ዘፈን በእጅ ስልክ የሚደመጥበት ጊዜ ላይ ብንደርስም ይህ ልማድ ገና አልተሻረም። ሴቷ በድምፅዋ ትታወቃለች፤ በደራሲነቷ ግን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ሴቶቻችን ዜማ አይደርሱምን? ይህን ለመመለስ ወደ ሰሜን ሸዋ ብቅ ብሎ ሰላ ድንጋይን መመልከት ይበቃል። ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን በሞጃና ወደራ የምትገኘው ሰላ ድንጋይ ገብስ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት ብርዳማ የደጋ አገር ናት። በታሪክም የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው አድርገዋት የኖሩባት ሥፍራ ናት። በዚህች አገር፣ እንደሌላው ገጠራችን ሁሉ፣ ዜማ ከሴት ሕይወት የተለየበት ጊዜ አልነበረም። ሕፃን ሲያለቅስ እሹሩሩ ይባላል፤ ሙሽራ ስትሸኝ ጓደኞቿ ይዘፍኑላታል፤ በማኅበርና በዝክር ቀን እመቤታችን ትወደሳለች፤ ሰው ሲሞት ሙሾ ይወርዳል።

እስቲ የሙሾ አውራጇን ሥራ ልብ ብለን እንመርምረው። ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟቹን ዘርና አገር፣ ጠባይና ሙያ፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ሁኔታ ታውቃለች፤ ካላወቀችም ጠይቃ ትረዳለች። ከዚያ በኋላ በቆመችበት ቤት እየመታች፣ ዜማውን ከኀዘኑ ልክ ጋር እያስማማች፣ ለአስተዛዛኙ መቀበያ እየተወች ትደረድራለች። ለወጣት የምታወርደው ለሽማግሌ ከምታወርደው ይለያል። ትናንት ለጎረቤቷ ያለችውን ዛሬ ለሌላ አትደግመውም። ይህንኑ ሥራ አንድ የተማረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢሠራው ‹‹ደራሲ›› እንለዋለን። እርሷን ግን ‹‹ሙሾ ታወርዳለች›› ብለን እናልፋታለን። ለቅሶው ሲያበቃ ሥራዋም አብሮ ይቀበራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ነገር አለ። የሴቶቻችን ዜማ አብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ሲያጎነብሱ፣ የመጁን ምልልስ ምት አድርገው ያንጎራጉሩ ነበር። የባልን ክፋት፣ የአማትን ኃይለኛነት፣ የእናትን ቤት ናፍቆት፣ ፊት ለፊት የማይነገረውን ሁሉ በዚያ እንጉርጉሮ ይናገሩት ነበር። የሞተር ወፍጮ በየመንደሩ ሲገባ ያ የወገብ መቆረጥና የእጅ መላጥ እየቀረ ሄደ። ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው፤ የድንጋይ ወፍጮ ይመለስ የሚል ሰው መጁን በእጁ ጨብጦ የማያውቅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ሲቀር ዜማውም መነሻ አጣ። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የምትማርበት አጋጣሚ ጠፋ። ዛሬ የወፍጮ እንጉርጉሮ በሙሉ የሚያስታውሱት እናቶች አርጅተዋል። እነርሱ ሲያልፉ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ዓይነት ከነደራሲዎቹ አብሮ ሊያልፍ ነው።

አባቶቻችን ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል›› ይላሉ። በዚህ ረገድ ሕጉም የሚለው ከምሳሌያዊ አነጋገሩ ብዙ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተፈጠረ፣ ጥራቱና ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ ለደራሲው ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን ሥራው የተጻፈ፣ የተቀዳ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ መሆን አለበት። እንግዲህ በአፏ ብቻ የያዘችው እናት በሕግም ፊት ባለቤትነቷን ማስረዳት ይቸግራታል ማለት ነው። የሰማት ዘፋኝ ዜማዋን ወስዶ ‹‹የሕዝብ ነው›› ቢል መልስ የምትሰጥበት ወረቀትም ሆነ ክር የላትም።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ አንባብያን ‹‹ይህ ያልተማሩ እናቶች ችግር ነው፤ የተማረች ሴት ሥራዋን ራሷ ጽፋ ማቆየት ትችላለች›› ይሉ ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ይሁንና በአውሮፓ የተማሩት፣ ኖታ መጻፍና ማንበብ የሚያውቁት፣ ከታላቅ ቤተሰብ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ እንኳ ሥራቸው በሌሎች ዘንድ የሚነበብና የሚጫወቱት ጽሑፍ እስኪሆን ድረስ ወደ ዘጠና ዓመት ዕድሜ መቅረብ ነበረባቸው። የእርሳቸው ታሪክ ስለ ወዳጅነትና ስለ መምህርነት ብዙ የሚያስተምር በመሆኑ በሰፊው እናቀርበዋለን።

እማሆይ ፅጌ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው በጎንደርና በአዲስ አበባ ከንቲባነት የሚታወቁት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ ደራሲና እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ነበሩ። የውብዳር ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም በዚያ ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ኋላም ኔፕልስ አጠገብ ወደሚገኝ ሥፍራ ተወሰዱ።

ከነፃነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንትሮቪች ከተባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በቫዮሊንና በፒያኖ ይለማመዱ ነበር። መምህሩም ከእርሳቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነጥብ እናስምርበት። ለአንዲት ወጣት ሴት ‹‹ትችያለሽ›› ብሎ በየቀኑ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ስሕተቷን የሚያርም፣ ከባዱን ሥራ የሚሰጣት መምህር ማግኘት ግማሽ መንገድ ነው።

ግማሽ መንገድ ግን ሙሉ መንገድ አይደለም። ወጣቷ ትምህርታቸውን በለንደን እንዲቀጥሉ ዕድል ቢያገኙም የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ኀዘናቸው እጅግ የበረታ ስለነበር ለቀናት እህል አልቀመሱም። ከዚያም ዓለምን ትተው ወሎ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ፅጌ ማርያም የሚለውንም ስም ተቀበሉ። በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጭቃ ቤት እየተኙ አሥር ዓመት ያህል በዚያ ተቀመጡ። ፒያኖ በተራራው ላይ አልነበረም።

ኋላ ጤናቸው ሲታወክ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዜማ መድረሱንም ቀጠሉ። በ1950ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ የቆሎ ተማሪዎችን ኑሮ ተመለከቱ። ተማሪዎቹ በየደጁ ለምነው እየበሉ፣ ውጭ እያደሩ ሲማሩ ባዩ ጊዜ አንጀታቸው ተላወሰ። የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፣ ሙዚቃ ግን አለኝ ሲሉ ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለድሆች ልጆች መርጃ አዋሉት። ከሥራዎቻቸው መካከል ‹‹የእናት ፍቅር›› እና ‹‹ቤት የለሹ ተንከራታች›› የሚል ትርጉም ያላቸው አርእስት የተሰጣቸው ይገኛሉ። የሰማቸው ሰው በአንድ ጊዜ የአውሮፓን ፒያኖና የአገራችንን ቅኝት ያደምጣል፤ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለዛም ይለይበታል።

እ.ኤ.አ. በ1984 እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። በጠባብ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ፒያኖ ነበረች። ሸክላዎቹ በትንሽ ቁጥር የታተሙ ስለነበሩ ከሰብሳቢዎች እጅ በቀር የትም አይገኙም ነበር። የጻፏቸው ኖታዎችም ክፍላቸው ውስጥ ተከማችተው ቀሩ። ደራሲዋ በሕይወት እያሉ ሥራው ተቀበረ ማለት ይቻላል።

ይህን የቀብር ድንጋይ ያነሣው ወዳጅነት ነው። በመጀመሪያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አጥኚ፣ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተሰኘው ተከታታይ ዲስኩ 21ኛውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእማሆይ ሥራዎች አዋለው። ይህን ዲስክ ለንደን ላይ ካገኙት መካከል ማያ ዱኒትዝ የተባለች እስራኤላዊት የፒያኖ ተጫዋችና ኢላን ቮልኮቭ የተባለው የኦርኬስትራ መሪ ይገኙበታል። ደራሲዋ በራሳቸው አገር በኢየሩሳሌም መኖራቸውን ሲያውቁ ወደ ገዳሙ ሄደው ጠየቋቸው። ማያ ወጣት ናት፤ እማሆይ አረጋዊት መነኩሲት። በሃይማኖትም፣ በትውልድ ቋንቋም፣ በኑሮም አይገናኙም። ያገናኛቸው ፒያኖው ነበር። ወዳጅነቱም በአንድ ጉብኝት አላበቃም።

ከጊዜ በኋላ እማሆይ በከረጢት ውስጥ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ የኖታ ገጾችን አውጥተው ለማያ ሰጧት። አንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈ፣ የደበዘዘና የተቀላቀለ ነበር። አንባብያን ሆይ፣ ይህ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አስቡት። እያንዳንዱን ገጽ መለየት፣ ከሸክላው ጋር ማመሳከር፣ የማይነበበውን ደራሲዋን መጠየቅ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ሊጫወተው በሚችል አኳኋን በጥሩ መጻፍ ይጠይቃል። ማያና ባልደረቦቿ ይህን ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ2013፣ እማሆይ ዘጠና ዓመት በሚሞላቸው ዓመት፣ የኖታው መጽሐፍ ታተመ፤ ሥራዎቻቸውም በኢየሩሳሌም በተዘጋጁ የሙዚቃ ዝግጅቶች ለሕዝብ ቀረቡ።

የመጽሐፉ መታተም ያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት የእማሆይን ሙዚቃ ለመስማት እማሆይን ወይም ሸክላቸውን ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ኖታ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ሰው፣ አዲስ አበባም ሆነ ቶኪዮ ተቀምጦ፣ ሊጫወተው ይችላል። ሙዚቃው ከደራሲዋ ዕድሜ በላይ የሚኖርበት መንገድ ተገኘ። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ሥራቸው ግን አልዐረፈም። በቤታቸው ሆነው በአማርኛ እየዘመሩ በቴፕ የቀረጿቸው ዜማዎች ከዕረፍታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 በዲስክ ወጥተዋል። ማያ ዱኒትዝም ሥራዎቻቸውን በመድረክ መጫወቷን ቀጥላለች። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን ደግሞ ሕፃናት ሙዚቃ እንዲማሩ የመርዳት ዓላማ ይዟል።

እንዲህ ያለው ታሪክ በኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎረንስ ፕራይስ የተባለች ጥቁር የሙዚቃ ደራሲ ነበረች። ከባሏ ተለይታ ልጆቿን ይዛ ቺካጎ ላይ በተቸገረች ጊዜ የሙዚቀኛ ተማሪዋ የማርጋሬት ቦንድስ ቤተሰብ ቤቱን ከፈተላት። ፕራይስ ለውድድር የሚቀርብ ሲምፎኒ ጽፋ ቀኑ በደረሰባት ጊዜ፣ ወዳጆቿ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው የየመሣሪያውን ኖታ ይገለብጡላት እንደነበር ማርጋሬት ኋላ ተርካለች። ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. በ1932 አንደኛ ሽልማት አገኘ። በማግሥቱ ዓመት የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫወተው፤ የጥቁር ሴት ሲምፎኒ በታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተማሪዋ ማርጋሬትም እ.ኤ.አ. በ1934 የመምህሯን የፒያኖ ኮንቼርቶ በመድረክ ተጫወተችላት። መምህርቷ ተማሪዋን አስተማረች፤ ተማሪዋም የመምህርቷን ሥራ ተሸክማ ወጣች።

ይሁንና ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሞተች በኋላ ስሟ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢሊኖይ ግዛት አንድ የተተወ ቤት ሊያድሱ የገቡ ሰዎች በሳጥን የታጨቁ ወረቀቶች አገኙ፤ የፕራይስ የእጅ ጽሑፎች ነበሩ። ጣሪያው የተበሳ ቤት ነበር። ጥቂት ክረምት ቢጨመርበት ምን ሊተርፍ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በጀርመንም ፋኒ ሜንደልሶን የተባለች ደራሲ ነበረች። ሴት ልጅ በስሟ ሙዚቃ ማሳተሟ ለቤተሰብ ነውር ይቆጠር በነበረበት ጊዜ፣ አንዳንድ ሥራዎቿ በታዋቂው ወንድሟ በፌሊክስ ስም ታትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1828 የጻፈችው የፋሲካ ሶናታ እንኳ የፌሊክስ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ የእርሷ መሆኑ በአንዲት ሴት ተመራማሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የወንድ ስም ዜማውን አቆየው፤ ባለቤቲቱን ግን ሰወራት።

ወደ አገራችን መድረክ እንመለስ። ክራር ይዛ በሕዝብ ፊት መቀመጥ ለሴት ልጅ ነውር በነበረበት ዘመን ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን እየገረፉ፣ ግጥም እዚያው እየፈጠሩ ተጫውተዋል፤ በቲያትር መድረክም ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ ነበሩ። የእርሳቸውም ሥራ ሰፊውን ዓለም ያገኘው ሌሎች ሲደክሙለት ነው። ‹‹ኢትዮፒክስ›› እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ቅጽ ሰጣቸው፤ ራሔል ሳሙኤል የተባለችው የፊልም ባለሙያም ሕይወታቸውን ‹‹አስኒ›› በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አቆየችው። ወይዘሮ አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ ድምፃቸውም ታሪካቸውም ከሞት ተርፎ ነበር። ከዚህም ሌላ ገጣሚና ተዋናይት ዓለም ፀሐይ ወዳጆ ለአያሌ ድምፃውያን ግጥም ጽፈዋል፤ በዋሽንግተንም ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2000 አቋቁመዋል። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ደግሞ የራሷን ግጥምና ዜማ ደርሳ በመጫወት፣ ‹‹ዜማ›› ከሚለው ቃል ጎን የሴት ስም ሊቀመጥ እንደሚችል ለብዙ ወጣት ሴቶች አሳይታለች።

ከነዚህ ታሪኮች ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የሴት ሥራ የሚጠፋው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የሚቀበለው እጅ ስላጣ ነው። አንዲት ደራሲ ብቻዋን ልትደርስ ትችላለች፤ ሥራዋን ብቻዋን ልታቆየው ግን አትችልም። አንድ ሰው ያስተምራታል፤ አንድ ሰው ይገለብጥላታል፤ አንድ ሰው ይጫወትላታል፤ አንድ ሰው ደግሞ ስሟን ይጠራላታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ ሰላ ድንጋይ ላይ ይህን ሥራ ማን ይሥራው? ፒያኖም የለ፣ ኦርኬስትራም የለ፣ ከለንደን የሚመጣ እንግዳም ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ማያ ዱኒትዝ የሠራችው ዋናው ሥራ ፒያኖ መጫወት ብቻ አልነበረም። ወደ አንዲት አረጋዊት ክፍል ገብታ፣ ቁጭ ብላ፣ ጠይቃና አድምጣ፣ የተሰጣትን በአደራ ተቀብላ በጥሩ ጻፈችው። ይህን ደግሞ ማንበብና መጻፍ የምትችል ማንኛዋም የሰላ ድንጋይ ተማሪ ለአያቷ ልታደርግላት ትችላለች።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። የወፍጮ እንጉርጉሮ የቤት ገመናን ሊነካ ስለሚችል፣ ባለቤቲቱ ‹‹ይኼኛው ይቅር›› ካለች ይቀራል። ሙሾም ያለ ለቅሶ ሲወርድ ክፉ ነገር ይጠራል ብለው የሚሠጉ እናቶች ስላሉ ማስገደድ አይገባም፤ ስለ አወራረዱ በንግግር ቢያስረዱም ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ በእጅ ስልክ ይቀዳል። በሚቀዳበት ጊዜ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይዘጋ፤ እናቲቱ እንደ ልማዷ እየሠራች ወይም እየፈተለች ብትሆን ይመረጣል፤ ምቱ ከእጇ እንቅስቃሴ ጋር ነውና።

በሦስተኛ ደረጃ ከመዝሙሩ ወይም ከእንጉርጉሮው በፊት እናቲቱ በገዛ አንደበቷ ስሟን ከነአባቷ፣ የትውልድ ቀበሌዋን፣ ከማን እንደተማረችውና የትኛውን ራሷ እንደጨመረችው ትናገር። ይህ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ከእናቷ የወረሰችውና ራሷ የደረሰችው ተለይቶ ካልተነገረ ሁሉም ‹‹የቆየ ነው›› ተብሎ ይጠቃለላል፤ የእርሷም ድርሻ ይጠፋል። በመጨረሻም ግጥሙ በደብተር ይገልበጥ፤ ቀኑም ይጻፍበት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም፤ ስለዚህ ቅጂው ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። እነሆ፣ አዋጁ የሚጠይቀው ግዙፍነት ተገኘ ማለት ነው።

መምህራንም ድርሻ አላቸው። የአማርኛ መምህርት ተማሪዎቿን ‹‹አንድ የቃል ግጥም አምጡ›› ስትል፣ ‹‹ከማን እንደሰማችሁትም ስሙን ጻፉ›› ብትጨምርበት ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ወጣት ከአንዲት እናት የሰማውን ዜማ በሰርግ ሲጫወት ‹‹ይህ የእገሊት ነው›› ቢል ከክብሩ አይጎድልበትም፤ እንዲያውም አድማጭ ያምነዋል። ዜማው ገንዘብ ካስገኘም ድርሻዋን መስጠት ውለታ ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። ሙዚቃ የሚማሩ ወጣት ሴቶቻችን ደግሞ የእማሆይን ኖታ ሲያጠኑ፣ በዚያው እጃቸው የአያቶቻቸውን እንጉርጉሮ በኖታ ማስፈር ቢለምዱ ማለፊያ ነው።

በቤተሰብ መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ‹‹የአሮጊት እንጉርጉሮ ምን ያደርጋል? ማንስ ይሰማዋል?›› የሚሉ አባወራዎችና ወጣቶች አይጠፉም። አንዳንድ ጊዜም ይህን የምትለው እናቲቱ ራሷ ናት። ‹‹እኔ ምን አውቄ፣ ዝም ብዬ ነው የምለው›› ትላለች። የቆሎ ተማሪዎችን ለመርዳት በትንሽ ቁጥር የታተመ ሸክላ ከአርባ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ አንዲት ሙዚቀኛን እንደሚማርክ ማን አስቦ ነበር? የሚሰማው ሰው ገና ያልተወለደ ሊሆን ይችላል። የኛ ሥራ አድማጩን መገመት አይደለም፤ እስኪመጣ ድረስ አደራውን መጠበቅ ነው።

በየአገራችን ልማድ ለወንድ ልጅ የሚበዛው እልልታ ለሴት ልጅ ሲያንስ እናያለን። ያንን እልልታ የሚያወጡት ግን ሴቶች ራሳቸው ናቸው። እንዲሁም የሴትን ሥራ ‹‹ዝም ብላ የምትለው›› እያልን ካቃለልነው ሰዎች መካከል እኛው ሴቶች አለንበት። ስለዚህ እርማቱም ከኛው ቢጀምር ይገባዋል። ጓደኛዋ የደረሰችውን ዜማ የምታደንቅ ሴት አድናቆቷን በልቧ አትያዘው፤ በሰው ፊት ትናገርላት። ታላቂቱ ለታናሺቱ ታስተምር፤ ታናሺቱም የታላቂቱን ስም ይዛ ትውጣ።

ለዚህም የተለየ በዓል መጠበቅ አያስፈልግም። በሚመጣው እሑድ፣ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ በቤታችሁ ያለችውን አረጋዊት ‹‹እማማ፣ ድሮ ሲፈጩ ምን ነበር የሚሉት?›› ብላችሁ ጠይቋት። መጀመሪያ ትሥቅ ይሆናል፤ እምቢ ልትልም ትችላለች። ሁለተኛው ስኒ ላይ ደግማችሁ ጠይቋት። ስትጀምርም ሳታቋርጡ አድምጧት፤ ስትጨርስ ደብተሩን አውጡና ከግጥሙ በፊት ስሟን ጻፉ።